ትንኟ ያልሞተችበት ግድግዳ

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሜዳ ላይ ተወልደው ደጋ ለተዳሩ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለመውለድ ወደ እናታቸው ቤት ለሚወርዱ ሴቶች ነው። አትውረዱ ማለቴ አይደለም፤ የእናት ቤትን የሚያህል የለም። ግን ቤቱ ተረጭቷል ሲሏችሁ ልባችሁን ጥላችሁ አትተኙ። እኔ ተኝቼ ልጄን ላጣው ነበር።

የተወለድሁት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከወረታ ወደ ጣና ገባ ብሎ ካለ የሩዝ አገር ነው። አባቴ ቄስ ሞላልኝ የደብሩ ካህን ናቸው። ባሌ ሙሉቀን ደብረ ታቦር ላይ አናጢ ነው፤ ከተዳርሁ ጀምሮ የምኖረው እዚያ ብርዱ ውስጥ ነው። በእኛ ልማድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና፣ ክረምቱ ሲወጣ እናቴ ደወለች። "አልጋሽን አንጥፌልሻለሁ፣ የገንፎውም ገብስ ተሰናድቷል፣ ቶሎ ነይ" አለች። ሙሉቀን አመነታ፤ ወቅቱ የወባ ነው አለ። ይኼኔ አባቴ ስልኩን ተቀበሉ።

"ቤቱ ተረጭቷል። አጎበሩም አዲስ ነው። ትምጣ" አሉት።

አባቴ አንዴ ካሉ አሉ ነው። ጓዜን ሸክፌ ወረድሁ።

አባቴ ስለዚያ ርጭት የነበራቸውን እምነት ካልነገርኋችሁ የሚመጣው አይገባችሁም። በእኛ አገር የደብሩ ንግሥ ሲደርስ ሴቱ ሁሉ ግድግዳውን በጭቃና በእበት ይለቀልቃል። እንግዳ ይመጣልና የተላጠ ግድግዳ ማሳየት ነውር ነው። ጉዳቱ፣ ረጪዎቹ በጀርባቸው ባዘሉት ጋን መሳይ ዕቃ የረጩት መድኃኒት ከልቅላቂው ሥር ይቀበራል፤ ትንኟም በንጹሕ እበት ላይ ተደላድላ ታርፋለች። አባቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ ቅዳሴ ሲያበቃ በሕዝቡ ፊት ቆመው፣ "እስከ ኅዳር ግድግዳዋን የለቀለቀች ሴት ከእኔ እጅ ጠበል አትጠብቅ" ይላሉ። ሴቶቹ በነጠላቸው ሥር ይስቃሉ፣ ግን ይታዘዛሉ። የእናቴ ግድግዳ ነጫጭ ነጠብጣቡን እንደያዘ ከረመ፤ እሷም እንግዳ በመጣ ቁጥር ታፍርበት ነበር።

በልጅነቴ ረጪዎቹ በሄዱ ማግስት እናቴ ዝንቡንም በረሮውንም ቢንቢውንም በመጥረጊያ ትሰበስብ ነበር። እኛ ልጆቹ ዶሮዎቹ የሞተውን እንዳይለቅሙ እንጠብቃለን። ያን ዓመት ግን ገና እንደ ደረስሁ እናቴ ቤት እየጠረገች፣ "ዘንድሮስ መጥረጊያዬ ምንም አላገኘ" አለችኝ።

"ሰምቶ ሸሽቶ ይሆናላ" አልኋት፣ ሳቅንበት።

በዚያው ሰሞን ከአልጋዬ ትይዩ ግድግዳው ላይ አንዲት ትንኝ አየሁ። ጭንቅላቷን ወደ ታች ደፍታ፣ ኋላዋን ሽቅብ ሰቅላ፣ ሆዷ በደም ጠቁሮ ተቀምጣለች። መድኃኒቱ ላይ አይደለች እንዴ፣ ትሞታለች ብዬ ተውኋት። በማግስቱ ከግድግዳው ሥር የሞተ አልነበረም። እዚያው ቦታ ላይ ግን ሌላ ተቀምጣ ነበር፤ ወይም ያቺው ራሷ።

ሕመሙ የጀመረኝ በራስ ምታት ነው። ጽጌ ገብቶ አባቴ በየሳምንቱ ማኅሌት ያድራሉ፣ ወንድሜ ደሳለኝ ሩዝ አጨዳ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ሆዴ ገፍቶ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ወገቤንና ጉልበቴን ቆረጣጠመኝ። "የመንገድ ድካም ነው" አልሁ። ድካም የሚሉት ነገር ለሰነፍ ታማሚ የተፈጠረ ቃል ነው፤ ማንንም አያስቆጣም፣ የትም አያስኬድም።

እናቴ ምች ነው አለች። ዳማከሴ አሽታ አሸተተችኝ፣ ጭማቂውንም ግንባሬን ቀባችኝ። በማግስቱ ላቡ አልቦኝ ደህና ሆንሁ፤ ተነሥቼ ሩዝ አበጠርሁ። በሦስተኛው ቀን ብርዱ ተመልሶ መጣ። ወባ ተንኮሏ እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ትለቅሽና ድኛለሁ ያሰኝሻል። አክስቴ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወስደን እንዘፍዝፋት ብላ ነበር። እናቴ ግን በዚህ ሆዷ ፍል ውኃ ምን ሊያደርጋት ብላ ከለከለች፤ እግዜር ይስጣት።

አባቴ ወረታ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዱኝ። የመጠበቂያው ክፍል ሰው አፍኖታል፤ ግማሹ ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ወጣቱ ሐኪም ትኩሳቴን ለካና ወደ አባቴ ዞረ።

"ቤታችሁ ተረጭቷል?"

"ተረጭቷል፤ ልቅላቂም አልነካው" አሉ አባቴ፣ ድጓ የሚያስመሰክሩ ይመስል ቀና ብለው።

"አጎበርስ?"

"እጥፉ ያልለቀቀ አዲስ ነው።"

"እንግዲያውስ ወባ አይሆንም። መመርመሪያውም ለጊዜው አልቆብናል። የታይፎይድ መድኃኒት እሰጣታለሁ" አለ።

ደሜን ሳይወስድ ሸኘን። አባቴ በመንገድ ላይ ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር እንጂ፣ ግድግዳም እንደሚጥል አላውቅም ነበር።

ክኒኑን እየዋጥሁ ባሰብኝ። ሽንቴ ጠቆረ፣ የወጥ ሽታ ያስመልሰኝ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጥሁና፣ ሲለቀኝ እጄን ሆዴ ላይ አሳረፍሁ። ልጁ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ይራገጥ ነበር። ዝም አለ። በግራዬ ዞርሁ፣ በቀኜ ዞርሁ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣሁ፤ ዝም ነው። እናቴን ጠርቼ እጇን ወስጄ ሆዴ ላይ አስቀመጥሁት። እጇን ሳታነሣ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

"ቄሴ" አለች አባቴን፣ "ቃሬዛ ያምጡ።"

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ የርብ ወንዝ ውኃ ከሸሸ በኋላም ጭቃ ነው፤ ባጃጅ አይገባም። ደሳለኝ ከአጨዳው ላይ ጮኸና ሰዉ ማጭዱን እየጣለ መጣ። ተሸክመውኝ በሩዙ መሐል ሲሮጡ፣ ከሁለቱም ወገን ውኃ ያቆረ ማሳ ይታየኝ ነበር። በዚያ ውኃ ላይ ስንት ትንኝ እንደሚፈለፈል ያን ዕለት ነው ያሰብሁት። ልጅ ሆኜ የዋኘሁበት ውኃ አስፈራኝ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ዛፉ ሥር ሳይቀር ሰው ተኝቶበታል። አንዲት የማላውቃት ባልቴት፣ ራሳቸውም እየተንቀጠቀጡ፣ ከአግዳሚው ወርደው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። "እኔ አንድ ነፍስ ነኝ፣ አንቺ ሁለት ነሽ" አሉኝ። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬ በጸሎቴ ባልቴቲቱ እያልሁ ነው የማስባቸው።

ነርሷ ከጣቴ ጠብታ ደም ወስዳ ጠባብ መመርመሪያ ላይ አደረገችው። ቀይ መስመር ሲወጣ ዓይኔ እያየ ነው።

"ወባ ነው፤ ያውም ክፉው ዓይነት" አለች።

"አይሆንም ልጄ፣ ቤታችን ተረጭቷል" አሉ አባቴ።

ነርሷ አልተቆጣችም። "አባቴ፣ እዚህ ግቢ የተኛው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለኝ" አለች።

አባቴ ዘወር ብለው ግቢውን አዩ።

ነርሷ ቀንድ የምትመስል ማዳመጫ ሆዴ ላይ ተክላ ጆሮዋን አስጠጋች። ቦታ ቀየረች። ደግሞ ቀየረች። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የፈራሁበት ጊዜ የለም። ቀና ስትል፣ "አለ። ደክሟል እንጂ አለ" አለች። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ወደ ሆስፒታል ተላክሁ። እዚያ እንዳስረዱኝ፣ ወባ ያረገዘችን ሴት ስትይዝ ተውሳኩ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይሸሸግና ለሕፃኑ የሚያልፈውን ደምና ምግብ ይሻማል። የመጀመሪያ እርግዝና ሲሆን ይከፋል። ደጋ ላይ የከረመ ሰውነት ደግሞ ወባን ረስቷል፤ ሜዳ ላይ መወለድ ዋስ አይሆንም። ደሜ አንሶ ስለነበር ደሳለኝ ሰጠኝ፤ የወባውን መርፌ ጀመሩልኝ። ሙሉቀን ከደብረ ታቦር ደርሶ አልጋዬ ሥር ካርቶን ላይ ይተኛ ጀመር። አንድም ቀን "ብዬሽ ነበር" አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲመሽ አንዲት ትንኝ ጆሮዬ ሥር ባለፈች ቁጥር ገላዬ ይደነግጣል። መብራቱ ጠፍቶ ድምፅዋ ብቻ ይሰማል። አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ደጋግሜ እወትፋለሁ፤ ሙሉቀን፣ "ገብቷል፣ ተኚ" ይለኛል።

መርፌው አልቆ ክኒን ሲጀመርልኝ የሆስፒታሉ ነርስ ለእናቴ፣ "ይህ መድኃኒት ቅባት ያለው ነገር ሲያገኝ ነው ደህና አድርጎ የሚሠራ። ወተት ትጠጣበት" አለች። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ያውም በጽጌ ጾም። እናቴ ወለሉን እያየች በዘይት የተሠራ ሽሮ አይሆንም ወይ አለች። ይሆናል፤ እኔ ግን ምግብ ገና ሲሸተኝ ያስመልሰኛል። አባቴ ተነሥተው ወጡ። ተቀየሙ ብዬ አለቀስሁ።

ቆይተው ተመለሱ። ጥምጥማቸው ራሳቸው ላይ ነው፣ መስቀላቸው በአንድ እጃቸው፣ በሌላው ደግሞ አፉ ድረስ ወተት የሞላ ጆግ። ከሻይ ቤት ገዝተው በገበያው መሐል አልፈው ነው የመጡት።

"ከተማው ሁሉ አየኝ" አሉ፣ ጆጉን እያስቀመጡ። "የታመመ ጾም የለበትም። ቅር ካለሽ ደግሞ ጾምሽን እኔ ጨምሬ እጾምልሻለሁ። ጠጪ።"

ጠጣሁ። አላስመለሰኝም።

ልጄ ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ፤ ክንዱ የአባቴን አውራ ጣት አያህልም። ግን አለቀሰ። ስሙን ይትባረክ አልነው። ሐኪሞቹ እስኪጠባ ድረስ አቆይተው ሲለቁን፣ እንደ ልማዱ አራስነቴን ልጨርስ ወደ እናቴ ቤት ተመለስሁ። አባቴ ክርስትናውን እየጠበቁ ነበር። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን፣ እኔን ባጠመቁበት ደብር፣ በገዛ እጃቸው ሊያጠምቁ ቀን ይቆጥሩ ነበር።

በዚያ መሐል ትንኝ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ወደ ቀበሌያችን መጡ። የተረጨው ቤት ሁሉ ሲታመም ነገሩ አጠያይቋል። ሰላማዊት የምትባል ልጅ እኛ ቤት ገባች፤ ልቅላቂ ያልነካው ግድግዳ ብትፈልግ ሰዉ ሁሉ ወደ አባቴ ቤት አመለከታት። ሁለት ዓይነት ትንኝ ይዛለች። አንዱ እነሱ ቤተ ሙከራ ያሳደጉት፣ ከዘር ዘሩ መድኃኒት አይቶ የማያውቅ ነው። ሌላውን ከእኛው የሩዝ ማሳ ትል መሳዩን እጭ በጭልፋ ቀድታ አሳድጋ ያወጣችው ነው። ሁለቱንም በጠራ የላስቲክ ክዳን ውስጥ አድርጋ፣ ከአልጋዬ ትይዩ ግድግዳው ላይ ለጠፈቻቸው። ይትባረክን ታቅፌ በአጎበሩ ውስጥ ሆኜ አያቸው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከግድግዳው አንሥታ፣ ስኳር ውኃ የነካው ጥጥ ጨምራ፣ አፋቸው በመረብ በታሰረ ሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ አኖረቻቸው።

"ነገ ነው የሚታወቀው" አለች። "ብቻ ጉንዳን እንዳይበላቸው።"

እናቴ የጠረጴዛውን እግሮች ውኃ በሞሉ ጣሳዎች ውስጥ አቆመች። "በስተርጅናዬ የቢንቢ እረኛ ልሁን" እያለች በየመሐሉ ታይ ነበር።

በማግስቱ ሰላማዊት ስትመጣ ሁላችንም ጠረጴዛውን ከበብን። በአንደኛው ብርጭቆ ውስጥ ያሉት በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ ሁሉም ሞተዋል። ሁለተኛውን ብርጭቆ በጣቷ ቸብ ስታደርገው ውስጡ ተነሥቶ በረረ። ከታች የቀሩት ጥቂት ናቸው።

"የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?" አሉ አባቴ። ያውቁታል፤ ግን ጠየቁ።

"የሚበርሩት" አለች። "መድኃኒቱ አልተበላሸም አባቴ፤ ያኛዎቹን ገድሏቸዋል። የእናንተዋ ትንኝ ናት የለመደችው። በየጊዜው ከሞት የተረፈችው ትወልዳለች፤ ልጆቿም እንደ እሷ የማይሞቱ ይሆናሉ።"

ከዚያ ደሳለኝን በጋ ላይ ሽንኩርቱን ምን እንደሚረጭ ጠየቀችው። ጠርሙሱን አመጣላት። ጽሑፉን አንብባ ግድግዳውን አየች። "ዘመዳሞች ናቸው" አለች። "የሽንኩርቱ ውኃ የሚያቁርበት ጉድጓድ ላይ ነው የትንኟ እጭ የሚያድገው። ከልጅነቱ ጀምሮ እየቀመሰ ያድጋል ማለት ነው። ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ርጭቱም አጎበሩም በተራው ያለማምዳታል።" ደሳለኝ ጠርሙሱን መልሶ ሲቀበላት እጁ ላይ ያለውን ነገር አዲስ ያየ ይመስል ነበር። ሜዳው ሙሉ እንደዚያው ይረጫል፤ እሱ ቢተው ጎረቤቱ አለ።

"ታዲያ አጎበሩን እናውልቀው?" አለች እናቴ።

"ኧረ እንዳታደርጉት" አለች ሰላማዊት። "ባይገድላት እንኳ ክሩ ይከለክላታል። የተቀደደውን ስፉ፣ ሳይመሽ ግቡ። ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ ቤቴ ተረጭቷል ሳትሉ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ሌላ ዓይነት መድኃኒት እስኪመጣ ያለን እሱ ነው።"

መቼ ይመጣል ብለው አባቴ ጠየቋት። እንደማታውቅ ነገረቻቸው።

እሷ ከሄደች በኋላ አባቴ ግድግዳው ፊት ቆዩ። ነጫጩን ነጠብጣብ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ለሙሉቀን ደውለው፣ "ና ሚስትህንና ልጅህን ውሰድ" አሉት።

"አራስነቷን ሳትጨርስ? ክርስትናውስ?" አለች እናቴ፣ እንባዋ እየመጣ።

"ክርስትናው እዚያው ደብረ ታቦር ይሁን። ግድግዳዬ ዋሽቶኛል፤ ሕፃን አላሳድርበትም።"

አርባ ቀኑ ሲሞላ አባቴ ደብረ ታቦር መጡ። ሌላ ካህን ልጄን ሲያጠምቅ እሳቸው እንደ እንግዳ ከጎን ቆመው አዩ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ግን ሕፃኑ ከውኃው ሲወጣ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። እኔ አይቼባቸዋለሁ።

ዘንድሮ ይትባረክ ቆሞ መሄድ ጀምሯል፤ ሜዳውን ግን አልረገጠም። አባቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየደወሉ ድምፁን ይሰማሉ። ጽጌ ከገባ በኋላ አንድ እሑድ ሲደውሉ ድምፃቸው ቀጠነብኝ።

"አሞዎታል እንዴ፣ አባ?"

"የማኅሌት ድካም ነው። መቋሚያ ተደግፎ ያደረ ሰው ይደክመዋል።"

ያንን ቃል አወቅሁት። "ዛሬውኑ ይመርመሩ" አልሁ። ነገ አሉ፣ ከነገ ወዲያ አሉ፣ ፍትሐት አለብኝ አሉ።

"እንግዲያው ልጁን አዝዬ አሁኑኑ እወርዳለሁ" አልኋቸው።

"አታደርጊውም" አሉ።

"ጫማውን እያደረግሁለት ነው።"

ጫማውን እያደረግሁለት አልነበረም። እሱን ይዤ ልወርድ እግዜር ያውቃል፣ አልችልም ነበር። አባቴ ግን ደሳለኝን ሲጠሩ በስልኩ ውስጥ ሰማሁ።

ወደ ማታ ደሳለኝ ደወለ። "ወባ ነው" አለኝ። "ጤና ጣቢያው ዘንድሮ ባሰበት፤ ተአምናው ይበልጣል። ሁሉም ቤቴ ተረጭቷል ይላል። መድኃኒቱን ሰጥተዋቸዋል። ወተት ግን ጾም ነው ብለው እምቢ አሉኝ።"

"ስልኩን ስጣቸው" አልሁት።

ትንፋሻቸው መጣ። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

"አባ፣ ይጠጡ። ጾምዎን እኔ እጾምልዎታለሁ።"

ጥቂት ቆይቶ ብርጭቆው ከጥርሳቸው ጋር ሲጋጭ፣ ከዚያም ሲጎነጩ ሰማሁ።